ምስክሩ ምን አየ?

ሻርጃ ውስጥ፣ የብየዳ ብልጭታ በማይጠፋበት የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ሁለት የአገራችን ሰዎች በሽርክና ጋራዥ ከፍተው ነበር ይባላል። አንደኛው ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ክፍል መፍቻ ሲያቀብሉ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ፣ አበሻ ያልሆነውም ጭምር፣ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሁለተኛው ላፕቶፑን ከመኪና ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ሞተር የሚያስተካክል ወጣት ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ፍርዱም እንደዚያው።

ወደዚህ ጋራዥ አንድ ባለጸጋ ነጭ ኒሳን ፓትሮል እየነዳ መጣ። ኤምሬቶች ውስጥ ይህን መኪና፣ በተለይ ባለ 4.8 ሊትር ስድስት ሲሊንደሩን፣ የሚወዱት ሰዎች ፍቅራቸው ልክ የለውም። ፋብሪካው ያላሰበውን ቱርቦ ይጭኑበትና ሊዋ በረሃ ወስደው ተል ሙሪብ የሚባለውን የአሸዋ ተራራ ያስወጡታል። ተል ሙሪብ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ዳገቱ በእግር እንኳ ያስለፋል። የባለጸጋውም ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ቱርቦውንም አስጭኖ ነው የመጣው።

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራት ያለው ጌጅ አስገጥሟል። ነዳጅ ሲረግጥ አረንጓዴው ይበራል። «ሞተሬ ጤነኛ ነው፤ ይኸው ምስክሩ» አለ።

ጋሼ ሳቁ። መብራቱን የሚያዘው ከፋብሪካ የመጣው ተራ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ያ ሴንሰር ሲፈጠር ለእሽቅድምድም አልታሰበም፤ ቦሽ በ1976 እ.ኤ.አ. ለቮልቮ ሲያቀርበው ጉዳዩ የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ሕግ ነበር። ስለዚህ ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ድንበር ብቻ ነው፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር። ቤንዚኑ ከዚያ ትንሽ ካለፈ «በዝቷል»፣ ትንሽ ከጎደለ «አንሷል» ይላል። በምን ያህል? እሱን አትጠይቁት። ቱርቦ አየር አምቆ በሚያስገባበት ሰዓት ደግሞ ሞተሩን የሚያድነው ይኸው «በምን ያህል» ነው። ያን ጊዜ ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚፈቀደው አየር ከ12 ኪሎ ባያልፍ ይመረጣል፤ ትርፉ ቤንዚን ቃጠሎውን ያበርደዋል። 14 ላይ ከሆነ ሙቀቱ ይንራል፣ ድብልቁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስተን ይበሳል። ለተራው ሴንሰር ግን 14ም 12ም ያው አረንጓዴ ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምስክር አዎንና አይደለምን ብቻ ነው የተማረው» አሉት።

በያጁ፣ አንድ ቃል ቆጣቢ የፔሻዋር ሰው፣ ከቱርቦው ወዲያ ማርሚታውን በስቶ መቀመጫ በየደ። ወጣቱ በዚያ ላይ ዋይድባንድ የሚባለውን ሴንሰር አሰረ። ይህኛው ሆዱ ውስጥ ትንሽዬ ክፍል አለችው። ከጭሱ ጥቂት ወደ ክፍሏ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ኦክስጅን እያስወጣ ወይም እያስገባ ክፍሏን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ያቆያታል። ለዚህ ሥራ የፈጀው የኤሌክትሪክ መጠን ራሱ መልስ ነው። ስለዚህ ቀለም ሳይሆን ቁጥር ይናገራል።

የመጀመሪያው ቁጥር 13.4 ሆነ። ባለጸጋው ቱግ አለ። «ይሄን ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት መኪናዬ ደህና ነበር! ንቀሉልኝ!» (ክፉ ወሬ ያመጣለትን ሰው ከደጁ የሚያባርር ጌታ በየአገሩ አለ፤ ከእነሱ መካከል ይህ ሰው ገር የሚባል ነው።) ጋሼ አባብለው ሻይ ቤት ላኩት። ወጣቱ ቤንዚን ጨምሮ 11.8 አደረሰው፤ ያን ቀን ሁሉም ተሳስቆ ተለያየ። ወጣቱም ከዚያ ወዲህ «ቁጥር አይዋሽም» የምትል ነገር አፉ ላይ ቀረች።

ሳምንት ሳይሞላ ባለጸጋው ጉልበት ይጨመርልኝ ብሎ ተመለሰ። ጋሼ ዕቃ ሊገዙ ዱባይ ሄደዋል። ወጣቱ የቱርቦውን ግፊት ከፍ አድርጎ፣ መኪናዋን ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ላይ አስሮ ረገጣት። እስከ 4,500 ዙር ድረስ 11.8 ነበረች። ከዚያ 12.9፣ 13.6 እያለ ወጣ። ድብልቁ ሳስቷል ማለት ነው፤ ቤንዚን ጨመረ። 14.1። አሁንም ጨመረ። 14.6። ማርሚታው ይንጣጣል፣ ጭሱ ጠቁሯል፣ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ወጣቱ ግን ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ነው።

አንድ ያነበበው ነገር ትዝ አለው። ከሴንሰሩ በፊት ማርሚታው ቀዳዳ ካለው የውጭ አየር ሾልኮ ይገባና ቁጥሩን ያሳስታል። ያነበበው ትክክል ነው፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ትክክል መሆኑ ነው። በያጁን ጠራው። ሠራተኛው ለምሳ በተሰበሰበበት፣ ሁሉም በሚሰማው ኡርዱ፣ «ብየዳህ ያፈሳል፤ አንተ ሞተር አቃጣይ ነህ» አለው። ቀኑም የክፍያ ቀን ነበርና የሁለት ቀን ደሞዝ ቀንሶ ሰጠው። በያጁ ሁለት ጊዜ «አያፈስም» አለ። ሦስተኛ አልደገመም፤ ስክሪን ያለው ከሳሹ ዘንድ ነው።

ጋሼ ማምሻውን መጡ። የተመዘገበውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲያሳያቸው ጠየቁት።

«በሚኒሞ፣ ሳይረገጥ፣ ስንት ይላል?»

«14.7»

«ሲረገጥስ?»

«እስከ አራት ሺህ አምስት መቶ ደህና ነው፤ የሚሳሳው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ብየዳው የሚያፈስ ቢሆን፣ አየር የሚስበው መቼ ነበር?»

ወጣቱ ዝም አለ። መልሱ አልጠፋውም። ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ጭሱ የሚወጣው በደካማ ግፊት፣ እየተቆራረጠ ነው፤ በየመሀሉ ቀዳዳ ካገኘ የውጭ አየር ይስባል። ሲረገጥ ግን ማርሚታው ውስጥ ያለው ግፊት በቀዳዳው ወደ ውጭ ይተፋል እንጂ የውጩን አያስገባም። ብየዳው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የሚበላሸው ከታች ነበር፤ ሲረገጥ ደግሞ ይሻለው ነበር። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። በያጁን ነፃ የሚያወጣው ማስረጃ በተከሰሰበት ሰዓት እዚያው ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«ይሄ ሴንሰር ቤንዚን አይቶ አያውቅም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «የሚያየው ኦክስጅን ነው። እሱ ያለህ 'ኦክስጅን ተርፏል' ነው፤ 'ቤንዚን አንሷል' ያልከው አንተ ነህ። ለምን ተረፈ ብለህ መች ጠየቅህ?»

ካንዴላዎቹን ፈቱ። ስድስቱም በቤንዚን ርሰዋል። የካንዴላው ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ይስማማዋል። አየሩ ይበልጥ በታመቀ ቁጥር ግን ብልጭታው ያን ክፍተት መዝለል ያቅተዋል። ሳይቃጠል ያለፈ ድብልቅ ቤንዚኑንም ኦክስጅኑንም ይዞ ይወጣል፤ ሴንሰሩም ያገኘውን ኦክስጅን በታማኝነት ቆጥሮ ይናገራል። ወጣቱ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር እሳቱ ይታፈናል፣ እሳቱ በታፈነ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል፣ ቁጥሩ በወጣ ቁጥር ወጣቱ ይጨምራል። ክፍተቱን ወደ 0.6 አጥብበው አሰሩ። ዘይቱንም ቀየሩ፤ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ወርዶ ነበርና። እንደገና ሲረገጥ ቁጥሩ 10.1 አለ። ቤንዚን ያነሳት የተባለችው መኪና በቤንዚን ተጥለቅልቃ ነበር። ቀስ በቀስ ቀንሰው 11.7 ላይ አሳደሯት።

በማግስቱ ወጣቱ ገና ሰው ሳይገባ በያጁን አድፍጦ ጠበቀው። ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ ሰጠውና «ስህተት ነበር» አለው። በያጁ ፖስታውን ከፈተ፣ ቆጠረ፤ ሙሉ ነው። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የወሰድክብኝ ብቻችንን ሆነን አልነበረም» አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ቢሪያኒውን ከብቦ ሳለ፣ ወጣቱ ተነስቶ ቆመ። ኡርዱው ለስድብ በቅቶት ነበር፤ ለይቅርታ ግን አጠረው። «ያን ቀን ብየዳው ላይ ትንሽ ችግር ያለ መስሎኝ፣ ትንሽ ቃል ተናግሬ...» ብሎ ጀመረ።

በያጁ የጎረሰውን እስኪውጥ ጠብቆ አቋረጠው። «ትንሽ አላልክም። ሞተር አቃጣይ ነው ያልከኝ። እሱን መልስ።»

ወጣቱ ከመጀመሪያው ጀመረ። በያጁም የተሳሳተውን ግስ በየመሀሉ እያረመለት፣ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር አስባለው።