የቆቦ ጎርፍና የተሰላው ዕጣ

ቆቦ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎቡ ወይም ሆርማት ወንዝ ድንገት ይሞላል። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው። ጎርፉን ወደ ማሳው ለሚጠልፈው የራያ ገበሬ ይህ ዕድል ነው ወይስ የፈጣሪ ፈቃድ?

«ሲቪላይዜሽን 4» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ጥያቄውን ያከረዋል። የተሸነፈ ተጫዋች ካስቀመጠው ቦታ ተመልሶ ያንኑ ውጊያ ቢደግም፣ ቅንብሩን ካልቀየረ በቀር ያው ሽንፈት ይጠብቀዋል፤ «ዕጣው» ከአንድ መነሻ ቁጥር የተሰላ ነውና። ፋሲካም እንዲሁ የሚንከራተት ይመስላል። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የበዓላት ማውጫ ስሌት ለሚያውቅ ሊቅ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 እየተመላለሰ በ532 ዓመት ዑደቱን ይዘጋል።

ደመና ግን መነሻ ቁጥሩን ለማንም አላሳየም። ቢያሳይስ? ስሌቱ ቢገኝ እንኳ ያሰላው ማን ነው የሚለው ክርክር አይዘጋም። ገበሬው መልሱን ሳይጠብቅ፣ በጸሎትም በዱዓም እየለመነ፣ ክረምት ሳይገባ የመጥለፊያ ክትሩን ይጠግናል።