መጤው እንሽላሊትና የእኛ አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ከኦርላንዶ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ኪሲሚ የሚባል ሰፊ ሐይቅ አለ። ሙቀትና እርጥበት የማይለየው አካባቢ በመሆኑ በትላልቅ የኦክ ዛፎች ሥር ድንኳን ተክለው የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ከአገራችን የሄደ ሙስሊም ቤተሰብ ነበር፤ እኔም እንግዳቸው ነበርኩ። ሱብሒን ሰግደን ፀሐይ ስትወጣ ከድንኳኑ አጠገብ ባለው ግንድ ላይ ሁለት ትናንሽ እንሽላሊቶች አየን። አንዱ ቡናማ ሆኖ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ተለጥፏል። ሌላው አረንጓዴ ሲሆን ከላይ በቅጠሎቹ መካከል ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ዱላ አንሥቶ ወደ ቡናማው ተጠጋ። አባቱ «ምን ልታደርግ ነው?» ሲለው ልጁ ሁለት ማስረጃ አቀረበ። «አባ፣ ይሄኛው የዚህ አገር አይደለም። አስተማሪያችን ወራሪ ነው ብለውናል፤ አረንጓዴውን ከቦታው ያባረረው እሱ ነው። ደግሞ ኡስታዛችን እንሽላሊት መግደል አጅር አለው ብለውናል።» እናቱ ሻይ እየቀዳች «ተው ልጄ፣ የአላህ ፍጡር ነው» አለችው። ልጁ ዱላውን እንደያዘ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እናቱን እያየ ቆመ። አባቱም ወዲያው የሚመልሰው አላገኘም።

ውድ አንባቢያን፣ የልጁ ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በአንድ በኩል ትምህርት ቤት የሰጠው ዕውቀት አለ፤ በሌላ በኩል ከመድረሳ የሰማው ሐዲስ አለ። ሁለቱም መሠረት ያላቸው ናቸው። ታዲያ ሁለቱ ተደምረው ለዱላው ፈቃድ ይሰጣሉን? ነገሩን አንድ በአንድ እንመልከተው።

ሁለቱ እንሽላሊቶች

ሁለቱም አኖል ከሚባለው የእንሽላሊት ወገን ናቸው። አረንጓዴው የፍሎሪዳ ነባር ነው። ቡናማው ግን የኩባና የባሃማስ ደሴቶች ተወላጅ ሲሆን፣ በፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ባሉት ደሴቶች መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ከዚያ ወዲህ በመርከብ ዕቃ፣ በተሽከርካሪና ለሽያጭ በሚጓጓዙ የአበባ ማሰሮዎች ወደ ሰሜን ተስፋፋ። ሴቷ በሞቃቱ ወራት አንድ አንድ እንቁላል እየለየች በእርጥብ አፈር ውስጥ ትጥላለች። ማሰሮውን የገዛ ሰው እንቁላሉንም ሳያውቅ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ሁለቱ ተመሳሳይ ነፍሳትን ይመገባሉ፤ ትልልቆቹም አንዱ የሌላውን ግልገል ይበላሉ። ቡናማው በበዛበት ቦታ አረንጓዴው ወደ ዛፉ አናት ይሸሻል። አስተማሪው የተናገሩት እንግዲህ እውነት ነው።

ነገር ግን ልጁ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። አረንጓዴው እንሽላሊት ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ መልኩን ወደ ቡናማ ይለውጣል። ቡናማው ግን አረንጓዴ መሆን አይችልም። ስለዚህ ቀለም ብቻ አይቶ በዱላ የሚመታ ሰው ሊያድነው የፈለገውን ነባሩን ራሱን ሊገድል ይችላል። በመልክ ብቻ የሚፈረድ ፍርድ በእንሽላሊት ላይ እንኳ ይስታል።

ሐዲሱ ምን አለ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ማስረጃ እንምጣ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) «ወዘግ» የተባለውን ፍጡር እንዲገደል ማዘዛቸውና ትንሽ አመጸኛ ብለው መጥራታቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተላልፏል። ይህን ልንሸፋፍነው አይገባም። ሆኖም ወዘግ የእንሽላሊት ሁሉ ስም አይደለም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሄደውን ጌኮ የሚባለውን ዓይነት የሚመለከት ነው። በዚያው ካምፕም ማታ ማታ በመታጠቢያ ቤቱ መብራት ዙሪያ ይታይ ነበር።

በሌላ በኩል ደብ የሚባለው የበረሃ እንሽላሊት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዕድ ላይ ቀርቦ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) እርሳቸው እያዩት በልቶታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በ808 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት አል-ደሚሪ «ሐያቱል ሐየዋን» በተባለው መጽሐፋቸው ወዘግን፣ ደብን፣ እስስትንና አርጃኖን በየስማቸው ለያይተው የየራሳቸውን ሑክም ዘርዝረዋል። የኛም ቋንቋ ቢሆን እንሽላሊት፣ ገበሎ፣ እስስት፣ አርጃኖ እያለ ይለያቸዋል። ዑለሞች በስም የለዩትን እኛ በአንድ ዱላ ልንጠቀልለው አይገባም። የዛፉ እንሽላሊት ከየትኛው ይመደባል የሚለውን ፈትዋ ለባለቤቶቹ እንተወው። ለልጁ ግን ሐዲስ ከሰማ በኋላ ስለ ምን እንደተነገረ መጠየቅ የዕውቀት አደብ መሆኑን ልንነግረው ይገባል።

በወዘግም ላይ ቢሆን፣ በአንድ ምት የገደለ በሁለት ምት ከገደለው የበለጠ አጅር እንዳለው ተላልፏል። ከዑለሞች አንዳንዶቹ ይህን ፍጡሩን ላለማሰቃየት ከሚደረግ ኢሕሳን ጋር አያይዘውታል። ሞት በታዘዘበት ቦታ እንኳ ጨዋታና ማሰቃየት አልተፈቀደም።

እንግድነትና ጉዳት

በደብ ሐዲስ ውስጥ ሌላም ትልቅ ትምህርት አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያልበሉበትን ምክንያት ሲጠየቁ እንስሳው በሕዝባቸው ምድር እንደማይገኝና እርሳቸውም እንዳልወደዱት ተናገሩ፤ ሐራም ግን አላደረጉትም። ከምድራቸው አለመሆኑ ለራሳቸው አለመውደድ ምክንያት ሆነ እንጂ በፍጡሩ ላይ ፍርድ አልሆነም። እኛስ ያላወቅነውን ሁሉ ለመኮነን ስንት ጊዜ እንቸኩላለን?

ይሁን እንጂ «ሁሉም የአላህ ፍጡር ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም በቂ መልስ አይሆንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አር-ራሕማን ሚዛንን እንዳቆመና ሚዛኑን እንዳናዛባ አስጠንቅቆናል። አንድ ፍጡር ካለ ቦታው ሲገባ ሚዛን ሊናጋ ይችላል። ለምሳሌ በአዋሽ ወንዝና በጫሞ ሐይቅ ዳር የምናውቀውን አርጃኖ እንውሰድ። ይህ ፍጡር በአገሩ የአዞ እንቁላል እየበላ የአዞን ብዛት ይገታል፤ በሚዛኑ ውስጥ ሥራ አለው። በፍሎሪዳ ኬፕ ኮራል ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ገደማ ጀምሮ ተራብቶ፣ በመሬት ጉድጓድ ለሚኖሩ ጉጉቶችና ለእንቁላላቸው ሥጋት ሆኗል። በአፍሪካ ሚዛን የሚጠብቀውና በፍሎሪዳ ሚዛን የሚያናጋው አንድ ዓይነት ፍጡር ነው። ባሕርዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ቦታውን የለወጠው ደግሞ ማን ነው?

ሰው ነው። ትንሽ ሳለ ለመዝናኛ ገዛው፤ ሁለት ሜትር ሊሆን ሲቃረብ ሰለቸውና ሜዳ ላይ ለቀቀው። ድመቷን አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት የገደለቻት ሴት በእሳት መቀጣቷን የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ድመትን በኖረችበት ምድር መልቀቅ አንድ ነገር ነው፤ አርጃኖን በባዕድ ምድር ለቅቆ በሌሎች ፍጡራን ላይ መስደድ ሌላ ነገር ነው። የያዘውን አማና የጣለ ሰው «ነፃ አወጣሁት» ብሎ ራሱን ሊያጽናና አይችልም። አላህ በሱረቱ አር-ሩም 41ኛው አንቀጽ በየብስና በባሕር የተገለጠው ጥፋት የሰዎች እጅ ሥራ ውጤት መሆኑን ነግሮናል። ቡናማው እንሽላሊት በሰው ዕቃ ውስጥ ተጓዘ እንጂ አገር ልውረር ብሎ አልተነሣም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ጉዳቱ በተረጋገጠበት ቦታ ዐዋቂዎችና ኃላፊዎች ጉዳት አድራሹን ማስወገዳቸው ተገቢ ነው። የፍሎሪዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 አርጃኖንና ኢጉዋናን ጨምሮ በርካታ ዝርያዎችን ማርባትና መሸጥን በጥብቅ ከልክሏል፤ ኢጉዋናን መግደል ቢፈቅድም ማሰቃየትን ግን በሕግ ይከለክላል። ይህ ሲገድሉ እንኳ በኢሕሳን እንዲገድሉ ሙስሊሞች ከታዘዙት ትእዛዝ ጋር የሚገጥም ነው።

ቡናማውን እንሽላሊት በተመለከተ ግን ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሞስኪቶ ላጉን ትናንሽ ደሴቶች ላይ ቡናማው እንዲገባ ተደረገ። በአሥራ አምስት ዓመታት፣ ማለትም በሃያ ትውልድ ገደማ ውስጥ፣ ወደ ላይ የሸሹት አረንጓዴዎቹ የእግር ጣታቸው መዳፍ እየሰፋ ለስላሳና ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ መቆም ቀለላቸው። የዮኤል ስቱዋርትና የባልደረቦቹ ጥናት በ2014 ታትሟል። ሱብሓነላህ! ለተገፋው ፍጡር ጌታው ከላይ ቦታ፣ ለቦታውም የሚሆን ጣት ሰጠው። ይህ የሰውን ስህተት ትክክል አያደርገውም፤ ነገር ግን ረሕመቱ በእኛ ዱላ ላይ የተንጠለጠለ አለመሆኑን ያሳያል።

አንድ ልጅ አንድ ቡናማ እንሽላሊት ቢገድል አረንጓዴው ወደ ግንዱ አይመለስም። በልጁ ልብ ላይ የሚቀር ነገር ግን አለ። ከነቢያት አንዱ አንዲት ጉንዳን ስለነከሰቻቸው የጉንዳኖቹን መኖሪያ ባቃጠሉ ጊዜ፣ በአንዲት ጥፋት አላህን የሚያወድስ ኡመት በማጥፋታቸው መወቀሳቸውን ሐዲስ ይነግረናል። ከነከሰችው ውጪ ያሉት በወገናቸው ብቻ ሊቀጡ አልተገባም ነበርና።

ሰውን ከእንሽላሊት ጋር አናነጻጽርም፤ አላህ የአደምን ልጅ አክብሮታልና። ነገር ግን ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። እኛ ሙስሊሞች ከ1966ቱ አብዮት በፊት በገዛ አገራችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ስንባል የቃሉን ክብደት ቀምሰናል። ያ ልጅም በሰው አገር የሚያድግ የስደተኛ ልጅ ነው። ዛሬ «መጤ ስለሆነ ይመታ» ማለትን ከተማረ፣ ነገ ያው ቃል ወደ እሱ ሲዞር በምን አንደበት ይመልሳል?

አባቱ በመጨረሻ ዱላውን በቀስታ ተቀብሎ «ልጄ፣ እሱን ያመጣነው እኛ ሰዎች ነን። ሥራው ካለ ለእኛ ነው» አለው። በማግስቱ ስንነሣ ድንኳኑንና ምንጣፉን ሳናጥፍ በፊት አንድ በአንድ አራገፍን፤ የሻንጣውንና የጫማውንም ውስጥ አየን። ልጁ ከሁላችንም ይበልጥ ተጋ። ከድንኳኑ እጥፋት አንድ ትንሽ ቡናማ እንሽላሊት ወድቆ ወደ ግንዱ ሮጠ፤ እሱም ዝም ብሎ ተመለከተው። ወደ ሌላ ስፍራ ይዘነው እንዳንሄድ መጠንቀቁ በእኛ አቅም ያለው አማና ነበር። የአበባ ማሰሮ ስንገዛ አፈሩን ማየት፣ ልናሳድገው የማንችለውን እንስሳ ለልጆቻችን አለመግዛት፣ የያዝነውንም ሜዳ ላይ አለመልቀቅ እንዲሁ ከአማናው ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) በምድሩ ላይ አማናን የሚጠብቁ፣ ለፍጡራኑ የሚያዝኑ፣ ከመፍረዳቸው በፊት የሚያጣሩ ልጆችን ለማሳደግ ይርዳን። አሚን። ወላሁ አዕለም።