የስህተት መንስኤ መቼ ታወቀ ይባላል?

የአንድን ብልሽት መንስኤ «ይህ ነው» ብሎ ለመናገር ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃል የሚለው ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። በተፈጥሮና በሰው ኑሮ ላይ ሲነሳ ዳር ድንበር የለውም፤ መንስኤ ሊባሉ የሚችሉት ነገሮች ተቆጥረው አያልቁምና። ሰው ራሱ በሠራው፣ ክፍሎቹም አንድ በአንድ በሚታወቁት ነገር ላይ ሲነሳ ግን ጠበብ ይላል፤ መልሱንም መፈተን ይቻላል። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ከሚመቹት አንዱ፣ በአውቶካድ የንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ በአውቶሊስፕ የሚሠራው ዳያሎግ ቦክስ፣ ማለትም ከተጠቃሚው መረጃ ለመቀበል በስክሪኑ ላይ የሚከፈተው ሳጥን ነው።

አውቶካድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ተጠቃሚው የራሱን ትእዛዝ እንዲጽፍ የሚያስችለው አውቶሊስፕ በ1986 ተጨመረ፤ ይህም የኮምፒውተር ሊቁ ጆን ማካርቲ በ1958 የጀመረው የሊስፕ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ዘር ነው። በ1992 በወጣው ሪሊዝ 12 ደግሞ ዲሲኤል የተባለው የዳያሎግ መግለጫ ቋንቋ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በሁለት ፋይል ተከፍሏል። የዲሲኤሉ ፋይል የሳጥኑን መልክ ይገልጻል፦ የቱ ጋ መጻፊያ ቦታ፣ የቱ ጋ ዝርዝር፣ የቱ ጋ በተን እንደሚቀመጥ። የሊስፑ ፋይል ሳጥኑን ይከፍታል፣ የተሞላውን ይቀበላል፣ ሥዕሉን ይሠራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስም ነው፤ በዲሲኤሉ ለአንድ ክፍል የተሰጠው መለያ ስም በሊስፑ ውስጥ ፊደል በፊደል መደገም አለበት።

ለምሳሌ የበር ስፋት ጠይቆ በር የሚስል ትእዛዝ ይታሰብ። ተጠቃሚው 90 ብሎ ጽፎ «ኦኬ» ሲጫን፣ ስፋቱ ለሁለት በሚካፈልበት መስመር ላይ ፕሮግራሙ ይቆምና ቁጥር ሲጠበቅ ሌላ ዓይነት ዋጋ መጣ የሚል መልእክት ያወጣል። መልእክቱ አይዋሽም። ማካፈያው መስመር ግን ምንም ጉድለት የለበትም። ከሳጥኑ የሚወሰድ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ 90 የመጣው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ሁለት የተጻፉ አኃዞች ነው፤ ወደ ቁጥር መለወጥ የነበረበትም ከብዙ መስመር በፊት ነው። የስህተት መልእክት የሚነግረው ጥፋቱ የተያዘበትን ቦታ እንጂ የተፈጸመበትን አይደለም። ምልክትንና መንስኤን ለይቶ የማየት አስፈላጊነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ረቀቅ ይላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የመጻፊያውን ቦታ ዋጋ የሚጠይቁት ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዋጋውን የምታነበው ጌት ታይል የምትባለው ተግባር ትክክል ተጽፋለች፤ መለያ ስሙም ትክክል ነው። ሆኖም ሳጥኑ ሲዘጋ በውስጡ የነበረው ዋጋ አብሮት ስለሚጠፋ የሚገኝ ነገር የለም። ዋጋው መወሰድ የነበረበት ተጠቃሚው «ኦኬ» ሲጫን፣ ሳጥኑን የምትዘጋው ደን ዳያሎግ ከመጠራቷ በፊት ነው። እዚህ ላይ ጥፋተኛውን መስመር ለማግኘት የሚፈልግ ሰው አንድም አያገኝም። ሁሉም መስመር ለብቻው ሲታይ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂውም በ1748 ባሳተመው ስለ ሰው ልጅ ማስተዋል በሚመረምረው ሥራው፣ ዓይን የሚያየው የነገሮችን መከታተል እንጂ አንዱ ሌላውን የሚያስገድድበትን ኃይል አይደለም ብሎ ተከራክሯል። የተዘጋው ሳጥን ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል፦ መንስኤ በነገሮች ውስጥ የተቀበረ ዕቃ ሳይሆን በነገሮች መካከል ያለ ግንኙነት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው። አክሽን ታይል የምትባለው ተግባር አንድ በተን ሲጫን ምን እንደሚደረግ ትወስናለች። የመለያው ስም በዲሲኤሉ ፋይል በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሊስፑ በትልቅ ፊደል ከተጀመረ ሁለቱ አይተዋወቁም። ተግባሯ «ኒል»፣ ማለትም ባዶ፣ መልሳ ታልፋለች፤ በስክሪኑ ላይ ምንም መልእክት አይወጣም። ሳጥኑ አምሮ ይከፈታል፤ በተኑ ሲጫን ግን የሚሆን ነገር የለም።

እዚህ ላይ ፈላስፎች የሚከራከሩበት ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ያልተደረገ ነገር መንስኤ ሊሆን ይችላል ወይ? በፋይሉ ውስጥ ያልተጻፉ ትእዛዞች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንዱን ነጥሎ «የዚህ መጉደል ነው» ለማለት መብት የሚሰጠው ምንድን ነው? የሕግ ሊቃውንቱ ኤች. ኤል. ኤ. ሃርትና ቶኒ ኦኖሬ በ1959 ስለ መንስኤነትና ሕግ ባወጡት መጽሐፍ ሰዎች መንስኤ ብለው የሚለዩት ከተለመደው አካሄድ ወጣ ያለውን ነገር መሆኑን አሳይተዋል። ዳያሎግ ቦክሱም ይህንኑ ይመሰክራል። መጉደል መንስኤ የሚሆነው መኖር የነበረበት ነገር ሲጎድል ነው፤ ምን መኖር እንደነበረበት የሚናገረው ደግሞ የንድፉ ዓላማ ነው። በተኑ ምን እንዲያደርግ እንደታሰበ ለማያውቅ ሰው ዝምታው ስህተት መሆኑ እንኳ አይታወቅም።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዱኤም በ1906 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ እንቅፋት አመልክቷል። አንድ ሙከራ ሲከሽፍ የሚከሽፈው አንድ ሐሳብ ብቻውን ሳይሆን አብረውት የቆሙት ሁሉ በጅምላ ናቸው፤ ሙከራው ጥፋተኛውን ነጥሎ አያወጣም። ሳጥኑ ጨርሶ አልከፈት ሲል የሚሆነው እንዲሁ ነው። የፋይሉ ስም ተሳስቶ ይሆናል፤ ፋይሉ አውቶካድ በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ የለ ይሆናል፤ በዲሲኤሉ ውስጥ አንድ ሰሚኮለን (;) ወይም አንድ ቅንፍ ጎድሎ ይሆናል፤ የሳጥኑ ስም አልገጠመ ይሆናል። ከሁሉም የሚያሳስተው ፕሮግራመሩ የሚያርመው አንድ ፋይል፣ አውቶካድ የሚከፍተው በሌላ ፎልደር ያለ አሮጌ ቅጂ ሲሆን ነው፤ አውቶካድ ፎልደሮቹን በተራ ፈልጎ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳልና። እርማቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ለውጥ አልመጣም ብሎ ትክክለኛውን ግምት መጣል የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የዱኤም እንቅፋት ሰው በሠራው ነገር ላይ ሙሉ ኃይል የማይኖረው ሰንሰለቱ በየቀለበቱ ሊጠየቅ ስለሚችል ነው። ፋይሉን የምታስገባው ሎድ ዳያሎግ ካልተሳካላት ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ትመልሳለች፤ ችግሩ ያለው ከፋይሉ ወይም ከቦታው ነው። እርሷ አዎንታዊ ቁጥር መልሳ ሳጥኑን የምትከፍተው ኒው ዳያሎግ «ኒል» ካለች ፋይሉ ተነቧል፤ የሚጠረጠረው የሳጥኑ ስም ነው። ሁለቱም ካለፉ ምርመራው ወደ መለያ ስሞቹና ወደ ቅደም ተከተሉ ይዞራል። በዲሲኤሉ ፋይል ውስጥ የምርመራ ደረጃውን ወደ 3 ከፍ ማድረግ ደግሞ አውቶካድ ራሱ ጠንከር አድርጎ እንዲፈትሽ ያደርገዋል። የሚመለሱትን ዋጋዎች ሳይመለከት የሚያልፍ ኮድ ግን እነዚህን ምስክሮች ሁሉ ሳያናግር ያሰናብታል።

የሚቀረው የአሠራር ሥርዓት ነው። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ የልዩነት ዘዴ ያለው መንገድ ይህ ነው፦ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎች ይወዳደራሉ፤ አንዱ ውጤቱን ካሳየ፣ ሌላው ካላሳየ፣ የሚለያያቸው ያ አንድ ነገር የመንስኤው አካል ነው። ፕሮግራመሩ ሳጥኑን አንድ በተን እስኪቀረው ድረስ ይቀንሳል፤ ያ ከሠራ ክፍሎቹን በየተራ ይመልሳል። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ ሳጥኑ ቢሠራለት ሳጥን አግኝቷል፤ ዕውቀት ግን አላገኘም፤ ከአምስቱ የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና።

ይህ ሥርዓት ለሁሉም ነገር አይሆንም። ሕመም፣ ጋብቻ ወይም ጦርነት ወደ ኋላ ተመልሶ በአንድ ነገር ብቻ ተለውጦ እንደገና አይሞከርም፤ በእነዚህ ላይ «መንስኤው ይህ ነው» የሚል ሰው ከፕሮግራመሩ ይልቅ ብዙ ሊጠነቀቅ ይገባል። ሙከራው በሚቻልበት ቦታ ግን መለኪያው ግልጽ ነው፦ ስህተቱ ስለጠፋ ብቻ መንስኤው ታወቀ አይባልም፤ ታወቀ የሚባለው ያንኑ አንድ ነገር መልሶ በማበላሸት ስህተቱን መመለስ፣ በማቃናትም ማጥፋት ሲቻል ነው።