ልጄ ናት ማለት ደመወዝ አይሆንም

እኔ በምኖርበት በዲማ ወርቅ ቆፋሪው ከጉድጓድ ያወጣትን ቅንጣት በትንሽ ሚዛን ያስመዝናል፤ ገዥውም ሻጩም ዓይናቸውን ከሚዛኑ ላይ አያነሡም። ለቅንጣት ወርቅ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ በቤታችን የሚፈሰውን የሰው ጉልበት ግን ሳንመዝን እንወስዳለን። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ አስቀድሞ የበደልሁ እኔ ነኝና።

ባለቤቴ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ፥ ወንድሟን ተከትላ ከደጋ አገር የመጣች አንዲት ልጅ ልታስታምማት ወደ ቤታችን ገባች። ታጥባታለች፥ ታጎርሳታለች፥ ገላዋ እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሣች ታገላብጣታለች። ከምግብና ከልብስ በቀር የተነጋገርነው ደመወዝ አልነበረም፤ ሲገኝ ጥቂት እሰጣታለሁ። እንግዳ ሲመጣ፥ «ይህች ልጃችን ናት» እል ነበር፤ ይህንም በማለቴ ደግ ሰው የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ማታ፥ «አባባ፥ ልጅዎ መሆኔ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ወንድሜ ‹በወር ስንት ይከፍሉሻል?› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ» አለችኝ። በመጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ውለታ የማታውቅ መሰለችኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሠራተኛን ዋጋ ስለ መከልከል ክፋት ተምሬ፥ ለሌሎችም አስተምሬ ነበርና ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብዙ ዘመን አስተምሬ በየወሩ ደመወዝ ተቀብያለሁ፤ ዛሬም በጡረታ እኖራለሁ። «ተማሪዎቹ ልጆችህ ናቸውና ደመወዝ አያሻህም» የሚለኝ ቢነሣ ምን እለው ነበር? ፍቅሬ ደመወዜን ካልሻረው፥ የርስዋ ርኅራኄ ዋጋዋን ስለ ምን ይሽረዋል? ደግሞስ ልጅ ትወርሳለች፤ እርስዋ ምን ትወርሳለች? ልጅ ሲደክማት እምቢ ትላለች፤ እርስዋ እምቢ ብትል ማደሪያዋን ታጣለች።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከአሠሪው ጋራ የሚኖር ሠራተኛ በመኖሪያው፥ በምግቡና በዕረፍቱ ጤናው እንዲጠበቅለት በአጭሩ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሥራን ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲወስን፥ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከዚህ ውጭ አድርጎ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተወው።

ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ግን በጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ሥራ ጉባኤ የቤት ሠራተኞችን ስምምነት ቁጥር 189 ተቀበለ፤ በዚህም የቤት ሠራተኛ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ውል፥ ክፍያና በሳምንት ቢያንስ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖረው ተወሰነ። በደቡብ አፍሪካ ማሪያ ማህላንጉ የምትባል የቤት ሠራተኛ በ2004 ዓ.ም. በአሠሪዋ የመዋኛ ገንዳ ሰጥማ ሞተች። የጉዳት ካሣ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አይጨምርምና ልጅዋ ካሣ ተከለከለች። ልጅቱ ከቤት ሠራተኞች ማኅበር ጋራ ቆማ ተሟገተች፤ በ2013 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ፈረደ። እንግዲህ መብት በደግ አሠሪ ምሕረት ብቻ አይገኝም፤ ተባብሮ በመጠየቅ ነው።

«ድኻ አሠሪስ ከየት አምጥቶ ይክፈል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የጡረታ ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ እኔ አውቃለሁ። ነገር ግን ድኽነቴ የእኔ ዕዳ እንጂ የርስዋ አይደለም። ሙሉ ዋጋ መክፈል ያልቻለ ሰው፥ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት ሊወስድ አይገባውም።

በማግሥቱ ደመወዟን፥ የሥራ ሰዓቷንና የዕረፍት ቀኗን በሁለት ወረቀት ጽፈን ፈረምን። ገንዘቡ የሚገባትን ያህል ስላልሆነ፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ተራ እኔ ወሰድሁ። ባለቤቴን ሳገላብጥ ወገቤ ሲንቀጠቀጥ፥ ያች ልጅ ስንት ሌሊት ምን ተሸክማ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ወጣቶች ሆይ፥ በቤታችሁ የምታገለግለው ሴት ስንት እንደሚከፈላት፥ መቼ እንደምታርፍ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ነገ ሕግ ለማውጣት ስትቀመጡም አትርሷት። እኛም እናረጃለን፥ እንታመማለንም፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። እኔ አሁንም ልጄ እላታለሁ፤ ይህን የምለው ግን ደመወዟን ከሰጠኋት በኋላ ነው።