ሾፌሩና ሦስቱ መንገደኞች

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሳ በኋላ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ሲመላለሱ ኖረው በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የሚሌን ሙቀት፣ የጋላፊን ኬላ፣ ፍሬን የማይያዝበትን ጠመዝማዛ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛዋ ዋሽንግተን ትኖራለች፤ ትንሹ ሥራ ከያዘ ገና ብዙ አልቆየም።

በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ ይሞላል። ዶሮው ይወጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ የልጅ ልጅ ይንጫጫል፤ ሴት ልጃቸውም በስልክ ከሩቅ ጨዋታው ውስጥ ትገባለች። ማታ ሁሉም ተሰናብቶ ሲበተን ግን ሽማግሌው ቀኑን ሲያስቡት ከአንዳቸውም ጋር የረባ ነገር እንዳልተነጋገሩ ይገባቸዋል።

አንድ ቀን የድሮ ረዳታቸው ሊጠይቃቸው መጣ። በጨዋታ መሀል ሾፌሩ የእናቱን ስም ጠሩለት፤ የታጨችለትን ልጅ ለምን እንደተወ፣ ሌሊት የሚያባንነው ሕልም ምን እንደነበር ሳይቀር አነሱለት። ረዳቱ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት አልረሱትም?» አላቸው።

«እንዴት እረሳዋለሁ? ስንቱን ሌሊት ጋቢና ውስጥ ሁለታችን ብቻ አነጋን» አሉ። ይህን ካሉ በኋላ ነው ከልጆቻቸው አንዱም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ ትዝ ያላቸው።

ከድሮ ሾፌሮች ጋር የሚጥሉት እቁብ ሲደርሳቸው ለልጆቹ በየተራ ደወሉ። ለሦስቱም ያሉት አንድ ነው፤ «ሁለታችን ብቻ የሆነ ቦታ ደርሰን እንምጣ። ቦታውን ምረጡ።» ልጆቹ ግራ ገባቸው። «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ታላቁ። «እኛ እያለን አንተ ለምን ታወጣለህ?» አለች ልጅቱ። «ሁላችንም አብረን ብንሄድ አይሻልም?» አለ ትንሹ።

«አብረንማ ስንበላ ኖረናል፤ አሁን በየተራ ነው» ብለው ቆረጡ።

መጀመሪያ የሄዱት ከታላቁ ጋር፣ በልጁ ቪትዝ፣ ወደ አዋሽ ነው። ሽማግሌው ያንን መንገድ መሪ ሳይጨብጡ ሲሄዱት የመጀመሪያቸው ነበር። ከአዳማ ወዲያ ልጁ ከአንድ ተሳቢ ኋላ ሲያመነታ «ቅደመው እንጂ!» ሊሉ አፋቸው ላይ ደረሰ፤ ዋጡት። መተሐራ ላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን ያስቸገረውን የበሰቃን ሐይቅ ሲያልፉ፣ «እዚህ ጋ ተበላሽቶብኝ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ» አሉ።

ልጁ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳያነሳ፣ «አውቃለሁ» አላቸው። «እማዬ ሆስፒታል የገባችው ያኔ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ከጎረቤት ገንዘብ የተበደርኩት እኔ ነኝ።» ትንሽ ሄደው ጨመረበት። «አንተ ስትመጣ ልጅ እሆናለሁ፤ ስትሄድ የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ‘ተማሪው’ ብለህ ስትጠራኝ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።»

አዋሽ ሰባት ደርሰው ምሳ ሲቀርብ ሽማግሌው ምክርም ይቅርታም አልደረደሩም። «ብድሩን ማን ከፈለው?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«እኔ ነኛ። ሊስትሮ ሠርቼ።»

ሴት ልጃቸው በክረምቱ ለሦስት ሳምንት መጣች። ከውጭ ሰው ሲመጣ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሰኞ አክስት ቤት፣ ማክሰኞ የክርስትና እናት ቤት፣ ረቡዕ ለቅሶ፣ ቅዳሜ ሠርግ፤ ሻንጣው በቅጡ ሳይከፈት የመመለሻው ቀን ይደርሳል። እሷ ላንጋኖን መረጠች፤ አባትም ከዚያ ሁሉ ቀጠሮ መሀል ሁለት ሌሊት ቆርሰው ይዘዋት ሄዱ። ዘመድ አኮረፈ። «ገና ዓይኗን ሳናየው!» ተባለ። «እኔም አላየሁት» ብለው መለሱ።

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው ሳይሰጋ ይዋኝበታል። እሷ ስትዋኝ እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን እግራቸውን ነከሩ። የእሷ አባት ከታላቅ ወንድሟ አባት የተለየ ነበር። ጥሩንባው ከሰፈሩ ጫፍ ሲሰማ በባዶ እግሯ የምትሮጥለት፣ ከአዋሽ ብርቱካን፣ ከአሰብ ቴምር ጭኖ የሚመጣ አባት ነው የምታውቀው። «አንተ የመጣህ ቀን ለእኔ በዓል ነበር» አለቻቸው። በሁለተኛው ማታ ግን ድንገት፣ «አባዬ፣ ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ዓመት ሞላን» አለች።

«ምነው ሳትነግሪን?»

«መቼ ልንገራችሁ? ስልኩ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው። ሳሎን ሙሉ ሰው ‘ደህና ነሽ?’ ሲለኝ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?»

ትንሹ ልጅ የመረጠው ባቡር ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ባቡር አይወድም፤ ጭነቱን ይሻማበታላ። ቢሆንም ቃል ቃል ነውና ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፍረው፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ይህ ልጅ የቤቱ ቀልደኛ ነው፤ እሱ ባለበት ሳቅ አይጠፋም። ባቡሩ ላይ ግን አዳማን አለፉ፣ አዋሽን አለፉ፣ አንድም ቀልድ ከአፉ አልወጣ። አባት «ሰለቸሁት» ብለው ተጨነቁ። ሐረር ወጥተው፣ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲቀለብ አይተው ሲመለሱ አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ ቅር ያለህ ነገር አለ? ምነው ጨዋታው ጠፋ?»

«ኧረ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት» አለ ልጁ። «ቤት ውስጥ የምቀልደው አንተና ወንድሜ እንዳትጣሉ ብዬ ነው። እሱ ፊቱን ሲያጠቁር፣ አንተ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ ቶሎ ብዬ የሆነ ነገር እላለሁ። እዚህ እሱ የለም፤ ማንን ከማን ላስታርቅ?»

ቆይቶ ረዳታቸው ተመልሶ መጣና፣ «እህስ ጋሼ፣ ልጆችዎን አወቋቸው?» አላቸው።

«ከእነሱ ይልቅ ራሴን ነው ያወቅሁት» አሉ። «ሦስቱን ያሳደጋቸው አንድ አባት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሦስት ኖሯል፤ አንዱ ጥሎ የሚሄድ፣ አንዱ ይዞ የሚመጣ፣ አንዱ ቤት ገብቶ የሚቆጣ።»

«እውነተኛው የትኛው ነው ታዲያ?»

«ሦስቱም።»

ሽማግሌው አንዱ የነገራቸውን ለሌላው አላወሩም። በተከታዩ ፋሲካ ግን ታላቁን «ተማሪው» አላሉትም። ለሴት ልጃቸው ጓዳ ገብተው፣ ስፒከሩን አጥፍተው ለብቻዋ ደወሉላት። ትንሹ ዝም ብሎ ሲበላም «ምነው?» ብለው አልጨቀጨቁትም።

ምሳሌው ይኸው ነው። ፍቺውም ረጅም አይደለም።

እኛ መሰብሰብ የምንወድ ሰዎች ነን፤ ሐዘኑ የሚቀለን፣ ደስታው የሚደምቅልን በብዙ ሰው መሀል ነው። በዚህ ማንም ሊነቅፈን አይገባም። ነገር ግን ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር እያንዳንዱ የልጅነት ድርሻውን ይዞ ይቀመጣል። ታላቅ የሆነው ይሸከማል፤ ቀልደኛው ያስቃል፤ ሩቅ ያለችው ደህና ናት። አርባ ዓመት የሞላው ሰው የእናቱ ሳሎን ሲገባ መልሶ አሥር ዓመት ይሆነዋል። ከወላጁ ጋር ብቻውን ሲወጣ ግን ያንን ድርሻ የሚጠብቅበት ሰው የለም። ደግሞም ጎን ለጎን ተቀምጦ መንገድ እያዩ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከማውራት ይቀላል፤ ወሬው ቢቋረጥም ማንም አያፍርም።

ወላጅ ወደ ልጁ የሚሄድባቸው ምክንያቶቻችን ጥቂት ናቸው። ለምርቃት እንሄዳለን፣ አራስ ልንጠይቅ እንሄዳለን፣ ለሕክምና እንሄዳለን። ያለ ጉዳይ፣ ልጁን ለማየት ብቻ መሄድ ቅንጦት ይመስለናል። ልጅ ከተዳረ፣ ሥራ ከያዘ «እሱስ ወጣልኝ» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን፤ የልጁ ከባድ ጥያቄ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው፣ እግሩም ገና ይታዘዘዋል። ጊዜውና ጉልበቱ አብረው የሚቆዩት ለጥቂት ዓመታት ስለሆነ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ገንዘቡስ ለሚል፣ ላንጋኖ መሄድ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከልጁ ጋር እንጦጦን በእግሩ ይውጣ፤ ወይም ቢሾፍቱ በአውቶቡስ ደርሶ ይምጣ። አንዱ ሆቴል አድሮ ሌላው ባቡር ቢሳፈር ልጆች አይቀናኑም፤ የሚቀናኑት ተራ የተነፈገ ካለ ነው። መጠበቅ ያለባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። ቦታውን ልጁ ይምረጥ፤ ሦስተኛ ሰው አይጨመር፤ የተሰማው ነገር ወደ ሌላው ልጅ አይሻገር። ይህ የመጨረሻው ካልተጠበቀ ሁለተኛ ጉዞ አይኖርም።

ከየትኛው ልጅ እንጀምር የምትሉ ወላጆች ካላችሁ፣ ከሚያስቸግራችሁ አትጀምሩ። «እሱንስ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ» ከምትሉት ጀምሩ።