በደም ዋጋ ምን ይገዛል?

ይሁዳ ጌታውን የሸጠበትን ሠላሳ ብር በቤተ መቅደስ ጥሎ በሄደ ጊዜ የካህናት አለቆች ገንዘቡን አንሥተው ተመካከሩ። የደም ዋጋ ስለ ሆነ ወደ መባው ሣጥን ሊያገቡት አልወደዱም፤ የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዝተው ለእንግዶች መቃብር አደረጉት (ማቴ. 27)። ይህን ታሪክ በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት እንሰማዋለን። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ይሁዳን ስንወቅስ እንውላለንና በገንዘቡ ስለ ተደረገው ነገር አናስብም። ካህናቱ ገንዘቡ ርኩስ መሆኑን ዐውቀዋል፤ ለሕያዋን ሰዎች ጥቅም ማዋል ይቻል እንደ ሆነ ግን ከመካከላቸው የጠየቀ አልተጻፈልንም። የገዙት መቃብር ነው።

በዘመናችን በአሜሪካ አገር ይህን የሚመስል ጥያቄ ተነሥቶአል። ኦፒዮይድ በሚባሉት የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ሱስ ብዙ ሕዝብ አልቆአል፤ ከሻጮቹም በክስ የተገኘ ብዙ ገንዘብ አለ፤ ከሕዝብ ግብር ለዚሁ የሚመደብ ሌላ ገንዘብም አለ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ምን ይሠራበት? ለሱሰኛው ሕክምናስ ጤነኛው መክፈሉ ፍትሕ ነውን? በዚያች አገር ብዙ ካህናቶቻችንና ምእመናኖቻችን ስለሚኖሩ፥ ደዌውም የማንንም ቤት መርጦ የማያልፍ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለእኛ የባዕድ ወሬ አይደለም።

እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም፤ በካንሰር ለሚሠቃይ ወይም ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ታላቅ ዕረፍት ናቸው። ጥፋቱ የመጣው ከስስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ኪኒን ለገበያ አወጣ፤ ሱስ የማስያዝ ጠባዩም አነስተኛ እንደ ሆነ ለሐኪሞች ያስነግር ጀመር። በ2007 ከኩባንያው ጋር አንድ የሆነው ድርጅት መድኃኒቱን በሐሰት ማስታወቁን በፍርድ ቤት አመነ፤ በ2020 ደግሞ ኩባንያው ራሱ በሌላ ክስ ጥፋተኝነቱን አመነ። በዚህ መካከል ጀርባውን አሞት ወደ ሐኪም የሄደው ሰው ሱሰኛ ሆኖ ተገኘ፤ ማዘዣው ሲከለከልበትም ወደ ሄሮይን ሄደ፤ ከዚያም ከጥቂቱ ብናኝ የተነሣ ትንፋሽን የሚያቆመው ፈንታኒል መጣ። በ2022 ከመጠን በላይ በተወሰደ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ከ107 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል በኦፒዮይድ ምክንያት ነው። በ2024 የሟቾቹ ቍጥር ወደ 80 ሺህ ገደማ ወርዶአል። ይህ ቍጥር ወርዶም የአንድ መካከለኛ ከተማ ሕዝብ ያህላል።

በ2022 በጸናው ስምምነት ሦስት ታላላቅ የመድኃኒት አከፋፋዮችና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ ለግዛቶችና ለከተሞች በጠቅላላው እስከ 26 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ አከፋፋዮቹም ድርሻቸውን የሚከፍሉት በ18 ዓመት ውስጥ ነው። ስምምነቱ ከገንዘቡ ቢያንስ ከመቶ 85 እጁ ይህን ጉዳት ለማቃለል ይዋል ይላል። እንዲህ ያለ ቃል የተጻፈበት ምክንያት አለው። በ1998 የሲጋራ ኩባንያዎች ከ46 ግዛቶች ጋር ተስማምተው ብዙ ቢሊዮን ዶላር መክፈል በጀመሩ ጊዜ፥ ገንዘቡ ለመንገድ መሥሪያና ለበጀት ጕድለት መሙያ ዋለ፤ ሕዝቡን ከማጨስ ለመከላከል የተሰጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። የአሁኑም ስምምነት ቢሆን ቃሉ ሰፊ ስለ ሆነ ለፖሊስ መኪና መግዣ የዋለበት ስፍራ አለ። ለፖሊስ መኪና አያስፈልገውም አልልም፤ ነገር ግን መኪናው በሌላ በጀት ሊገዛ ይችላል። በዚህ ገንዘብ ሲገዛ በሟቹ ልጅ ደም መገዛቱን እናቱ ታውቃለች።

ከምእመናን ወገን እንዲህ ያለውን ገንዘብ መንካት ራሱ ኀጢአት ነው የሚል አይጠፋም። አሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ዳሩ ግን የአባቶችን ሥራ መመልከት ይገባል። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ታላቅ ማረፊያ ሠርቶ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አቁሞበት ነበር። በዚያ ዘመን የነገሠው ዋሌንስ አርዮሳዊ ነበር፤ ኦርቶዶክሳውያንን ያሳድድ፥ ባስልዮስንም ሊያግዘው ይፈልግ ነበር። ሆኖም ይኸው ንጉሥ ባስልዮስ ለሚያስታምማቸው ድኆች መሬት ሰጠ፤ ይህንም የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ መዝግቦታል (ይህ ሰው ቅዱስ ቄርሎስን የተቃወመ ስለ ሆነ በሃይማኖት ነገር አንሰማውም፤ የታሪክ ምስክርነቱን ግን አንጥልም)። ባስልዮስ ለንጉሡ ብሎ ከሃይማኖቱ አንዲት ቃል አልቀነሰም፤ መሬቱን ግን ለሕሙማኑ ተቀበለ። የሰጪው እጅ መርከሱ የሕሙማኑን ቍስል አያረክሰውም። የካህናት አለቆቹም ስሕተት ገንዘቡን ከመባው ሣጥን መለየታቸው አይመስለኝም፤ ይህስ ተገቢ ነበር። ንጹሑን የሰጣቸውን ሰው ደም በእጃቸው ሳሉ፥ ስለ ሣጥኑ ንጽሕና ብቻ መጨነቃቸው ነው።

የክሱ ገንዘብ ግን ለሥራው ሁሉ አይበቃም። የሚበዛው ሕክምና የሚከፈለው ከሕዝብ ግብር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውን የሚከፍለውም ለድኆች የቆመው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ነው። በ2016 የወጣው ሕግ ለግዛቶች በሁለት ዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር ለዚሁ መድቦ ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በመጪዎቹ ዓመታት የሜዲኬይድን ወጪ የሚቀንስ ነው። እንግዲህ ግብር ከፋዩ፥ «እኔ ያላመጣሁትን ዕዳ ስለ ምን እከፍላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን? ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ የወደቀውን ሰው ያቈሰሉት ወንበዴዎች ናቸው፤ የከፈለው ግን ሳምራዊው ነው። ሁለቱን ዲናር መተርጕማን ብሉይና ሐዲስ ብለው ይተረጕሙታል፤ ምሥጢሩ ይህ ሆኖ ሳለ በንባቡም የምንማረው አለ። ሳምራዊው ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለቱን ዲናር ከሰጠ በኋላ፥ ከዚያ የሚበልጥ ቢያወጣ ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባ። የወጪውን መጨረሻ አልወሰነም። የዘመናችን ባለ በጀቶች ግን ለአንድ ዓመት ሰጥተው በሁለተኛው ዓመት፥ «እስካሁን አልዳነምን?» ይላሉ። የኦፒዮይድ ሱስ ሁሉን ጊዜ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ደዌ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን ተመልሶ ስለሚወድቀው ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ታክሞ ሦስተኛ የወደቀውን የሚያይ ሰው ገንዘቡ በቀዳዳ እንስራ እንደሚፈስስ ውሃ ይመስለዋል። ስለዚህ የዐቢይ ጾም አራተኛውን እሑድ እናስብ። መጻጕዕ 38 ዓመት ታምሞ ነበር፤ ወደ መጠመቂያውም የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ ነገረው (ዮሐ. 5)። ጌታም ከፈወሰው በኋላ ደግሞ እንዳይበድል ስላስጠነቀቀው፥ ደዌው ከኀጢአቱ የመጣ እንደ ነበር አባቶች ያስተምራሉ። እንግዲህ በገዛ ጥፋቱ የታመመ ሰው ነበር። ይኸውም ሰው በሐሙስ ሌሊት በሐና ፊት ጌታን በጥፊ የመታው እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል። ጌታ ይህን አላወቀም ልንል አንችልም። የሚመታውን እጅ ዐውቆ ፈወሰው። ፈውሱ ለመጻጕዕ መልካምነት የተከፈለ ደመወዝ አልነበረም፤ ሱሰኛውንም ስናክም ወደ ፊት እንደማይወድቅ ዋስ እንዲጠራልን መጠየቅ አይገባንም።

ስለ ሕክምናው ራሱ ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ በቤታችን ብዙ ጕዳት የሚመጣው ካለማወቅ ነውና። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉት መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ የሱሱን ሥቃይ ያስታግሣሉ፤ በእነርሱ የሚታከሙ ሰዎች ሞት ከማይታከሙት እስከ እኩሌታ ድረስ እንደሚቀንስ ታውቆአል። ሰዎች ግን፥ «ሱስን በሱስ መለወጥ ነው» እያሉ ሕመምተኛውን ያሳፍሩታል፤ ወላጆችም ልጃቸውን መድኃኒቱን አስጥለው ወደ ጠበል ይወስዱታል። ጠበል የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር አይኑር። ነገር ግን ጠበሉ መድኃኒቱን ጣሉ አላለም። ሰውነት ከመድኃኒቱ ጥቂት ሳምንት ሲለይ የቀድሞውን መጠን የመቻል ኀይሉን ያጣል፤ ያ ልጅ ተመልሶ ቀድሞ የለመደውን ያህል ቢወስድ በአንድ ጊዜ ትንፋሹ ይቆማል። ከጠበል ቦታ ሲመለስ ዳነ ተብሎ እልል የተባለለት ልጅ በሳምንቱ ሊቀበር ይችላል ማለት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠ አስተምሮአል፤ ተስፋችን ሁሉ በሐኪሙ ላይ እንዳይሆን አስጠንቅቆ መድኃኒቱን ግን አልከለከለም።

አንድ የሚያስጨንቅ ጥያቄም አለ። ሜታዶን በየቀኑ በአፍ የሚወሰድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በማለዳ በሕክምና ቤቱ ይጠጣል። ሊቈርብ የወደደ ሕመምተኛ ከቍርባን በፊት ያለውን የ18 ሰዓት ጾም እንዴት ይጠብቅ? በ2024 በተሻሻለው የመንግሥት ደንብ ሕመምተኞች የብዙ ቀን መድኃኒት ወደ ቤት ሊወስዱ ስለሚፈቀድላቸው፥ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የዚያን ቀን መድኃኒት ከቅዳሴ በኋላ ማድረግ ይቻል ይሆናል። ካልተቻለም ነገሩ ለሕሙማን በተሰጠው ሥርዓት የንስሓ አባቱ የሚፈርደው ነው። «ወይ መድኃኒቱን ወይ ቍርባኑን ምረጥ» የሚል ቄስ ግን የልጁን ነፍስ በማን እጅ እንደ ጣላት ያስብበት።

ናሎክሶን የሚባለው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት የቆመውን ትንፋሽ ይመልሳል፤ ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ከክሱ ገንዘብ እየገዙ ለሕዝብ በነጻ የሚያድሉ ከተሞች አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አንድ ሁለቱን በሣጥን ቢያኖር የሚነቅፈው አይኖርም። ገንዘቡን የሚከፋፍሉት የከተማና የአውራጃ ምክር ቤቶችም በብዙ ስፍራ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጉባኤ ይነጋገሩበታል። በዚያ ጉባኤ ፖሊሱም፥ የሆስፒታሉ ሹምም፥ የመንገድ ሥራው ኀላፊም ቀርበው ይናገራሉ። ልጅዋ የታመመባት እናት ግን ስለምታፍር አትመጣም፤ ብትመጣም በኋላ ወንበር ተቀምጣ ትሄዳለች፤ የንስሓ አባቷም እዚያ መኖሯን አያውቅም።