ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ሐዘን በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ዕድሩ ጥሩምባ ያስነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እያለ ሐዘኑ ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ለቅሶ የሚደርሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛውም የሚመልሰውን ያውቃል። ይህ ሁሉ ግን ለሰው ነው። ለእንስሳማ ቋንቋችን እንኳ ሌላ ቃል አዘጋጅቷል። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ «በክት» ይባላል፤ በክት ደግሞ ይጣላል እንጂ አይለቀስለትም።

ባለፈው ዓመት የእናቴ ውሻ ሞተ። ቦቢ ይባል ነበር። አባቴ ከማረፉ ከጥቂት ወራት በፊት በካርቶን ይዞት የመጣ ቡችላ ነው፤ 13 ዓመት ኖረ። እኛ ልጆቿ ትዳር ይዘን በየፊናችን ስንበታተን ከእናቴ ጋር የቀረው እርሱ ነበር። ማታ በሩን ስትቆልፍ ከኋላዋ ይቆማል፤ ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ አብሯት ይነሣል፤ እሑድ ከቅዳሴ እስክትመለስ ከደጁ ንቅንቅ አይልም። የሞተ ዕለት አንድ ጎረቤት «በማዳበሪያ ከታችሁ ወንዝ ጣሉት» አለን። እናቴ እምቢ አለች። ከጓሮው አጥር ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እህል አልወርድ አላት። የሠፈር ሴቶች ቡና ላይ «በእርጅናዋ ለውሻ ታለቅስ ጀመር» እያሉ መሣሣቃቸውን ሰምታለች። የከፋባት ግን እርሱ አልነበረም። አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ ይህ ለቅሶዬ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ለሰው የሚገባውን እንባ ለውሻ አፈሰስኩት» አለችኝ።

ሰዎች ይህን ጥያቄ ከሌላ ጥያቄ ጋር ሲያደባልቁት አያለሁ። «ውሻ ነፍስ አለው ወይ? ገነት ይገባል ወይ?» ብለው ይነሣሉ። የአባቶች ትምህርት በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፤ የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ የእንስሳ ሕይወት ግን በደሙ ውስጥ ነው፤ ከደሙም ጋር ያልፋል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የቤት እንስሳ ምናልባት በጌታው በኩል ከዘላለም ሕይወት ይካፈል ይሆናል የሚል ግምት አቅርቦ ነበር። ግምቱ ያምራል። እኔ ግን እናቴን ለማጽናናት ብዬ የማላምንበትን ተስፋ ልሰጣት አልፈለግሁም። ደግሞም እርሷ የጠየቀችኝ ቦቢ የት እንደሄደ አይደለም፤ የራሷን እንባ ነው።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ ሲሄድ የነገረውን ታሪክ እናስታውስ። አንድ ድሃ አንዲት ጠቦት ነበረችው፤ ከእንጀራው ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች፣ እንደ ልጁም ነበረች። ባለጠጋው ነጥቆ አረዳት። ዳዊት ይህን ሲሰማ «ለአንዲት በግ ነው ይህ ሁሉ?» አላለም፤ ቁጣው ነደደ፤ ያን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ። እንስሳን እንደ ልጅ መውደድ መሳቂያ ቢሆን ኖሮ የነቢዩ ምሳሌ ገና ከአፉ ሲወጣ በወደቀ ነበር።

በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው የነነዌ ጾምስ? በዚያች ከተማ ከብቶቹም እንዲጾሙ፣ ማቅም እንዲለብሱ ታዝዞ ነበር። በመጨረሻም እግዚአብሔር ለተቆጣው ዮናስ ለከተማይቱ የራራበትን ምክንያት ሲነግረው፣ ከ120,000 የሚበልጠውን ሕዝብ ከጠቀሰ በኋላ ብዙዎቹን እንስሳት ያነሣል። መጽሐፉም በዚያው ንግግር ያበቃል። እመቤታችን በጫማዋ ውሃ ቀድታ የተጠማ ውሻ ስታጠጣ የሚያሳየውን ሥዕልም በብራናና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ እናያለን። (መድረሻ ያጣን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» የምንለውም እኛው ነን!)

በእርግጥ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። ዘበኛው ጦሙን እያደረ ውሻው ሥጋ የሚቆረጥለት ቤት አለ። በየበረንዳው ልጆች በሚያድሩበት ከተማ ለውሻ ማልቀስ ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው ዝም በል አልለውም። ከሰው ለመሸሽ ሲል እንስሳ የሚወድም አይጠፋም። እናቴ ግን ከእነዚህ አይደለችም፤ በሠፈሩ ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ፣ ንፍሮ የምትቀቅል ሴት ናት። እንባዋ እንደ ጎተራ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል ሆኖ አላየሁትም።

እኔማ ሌላ ምክንያት አግኝቼላት ነበር። «እማዬ፣ ቦቢ እኮ አባዬ የተወልሽ የመጨረሻ ነገር ነው፤ ያለቀስሽው ለአባዬ ነው» አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «አይደለም» አለች። «አባትህን በጊዜው አልቅሼለታለሁ። ይሄ የቦቢ ነው።»

የነፍስ አባቷ ሲመጡ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ዝም ብለው ሰሟትና «ስንት ዓመት ኖረ?» ብለው ጠየቋት። «13» አለቻቸው። «ብዙ ነው» አሉ። ቀኖና አልሰጧትም።

በዚያው ሰሞን መጽሐፈ ጦቢትን አነበብኩላት፤ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። ጦቢት በምርኮ አገር ሳለ የተገደሉ ወገኖቹን በስውር እየቀበረ ጎረቤት የሳቀበት ሰው ነው። ልጁ ጦብያ፣ ጳጉሜን 3 ቀን ከምናከብረው ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻም አብሯቸው ይወጣል፤ ሲመለሱም ተከትሏቸው ይመጣል። ስሙም ሥራውም አልተጻፈም። እናቴ «ኋላስ ምን ሆነ?» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ገለጥኩ፤ ጦቢት ሲያረጅ፣ ሲሞት፣ በክብር ሲቀበር አለ፤ ስለ ውሻው ግን ዳግመኛ አልተነሣም። «የለም» አልኳት። መነጽሯን አደረገችና መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ትፈልግ ጀመር።